ከስጦታ ያለፈ፣ ጉቦ ያልሆነ፦ ገንዘብና የከተማ ምርጫ በኒው ዮርክና በሲያትል

እስቲ በአንድ ቀላል ስሌት እንጀምር። መሃል ከተማ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ እንበል። የከተማው ፕላን በዚያ ቦታ ላይ ከ4 ፎቅ በላይ መሥራት አይፈቅድም። አንድ ቀን ምክር ቤቱ ይሰበሰባል፣ እጅ ይወጣል፣ ፕላኑ ላይ 4 የሚለው ቁጥር 12 ይሆናል። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ መንገዱም አልሰፋም፤ አንድ ድንጋይ እንኳ ከቦታው አልተነሳም። የባለቤቱ ሀብት ግን በአንድ ከሰዓት ተመንድጓል። ሲቪል ምህንድስና ስንማር የመሠረቱን ጥልቀት፣ የብረቱን ውፍረት፣ አፈሩ የሚሸከመውን ክብደት ማስላት ተምረናል። «12 የሚለውን ቁጥር ማን ጻፈው?» የሚል ጥያቄ ግን ፈተና ላይ መጥቶብን አያውቅም። ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ሁሉ ውዱ ነገር እኮ እሱ ቁጥር ነው።

ስለ ምርጫና ስለ ገንዘብ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው የፕሬዝዳንት ምርጫን ነው። የከተማ ምክር ቤት አባል ጦር አያዝም፣ ከውጭ አገር ጋር ውል አይፈራረምም። ነገር ግን የቆሻሻ ማንሳቱ ኮንትራት ለማን እንደሚሰጥ፣ አውቶቡሱ በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ሰፈር ላይ ስንት ፎቅ እንደሚሠራ በሚወስነው ክፍል ውስጥ ወንበር አለው። እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚያስፈልገው የምርጫ ወጪ ደግሞ ከፕሬዝዳንቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ረጅም ዲጂኖ ይዞ ቋጥኝ እንደ መፈንቀል ነው ነገሩ፤ ጉልበቱ ትንሽ፣ የሚነሳው ድንጋይ ትልቅ። ይህን ዲጂኖ ለመቆጣጠር የአሜሪካ ከተሞች ከ100 ዓመት በላይ ሲታገሉ ኖረዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለቱ ነው፤ ስለ ኒው ዮርክና ስለ ሲያትል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴርሞሜትሩ ስንት ነው?

በ1858 ኒው ዮርክ አዲስ ፍርድ ቤት ለመሥራት 250,000 ዶላር ተመደበ። ሕንፃው ዛሬም ማንሃተን ውስጥ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጀርባ ቆሟል። ሥራው ሲጓተት ሲጓተት ቆይቶ መጨረሻ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ ይነገራል። አሜሪካ በ1867 አላስካን በሙሉ ከሩሲያ የገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ነው። አንድ ፍርድ ቤት ሁለት አላስካ ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው።

ገንዘቡ የት ገባ? የክፍያ ሰነዶቹ በኋላ ጋዜጣ ላይ ወጥተዋል። 11 ቴርሞሜትር፣ 7,500 ዶላር። ሦስት ጠረጴዛና 40 ወንበር፣ ከ179,000 ዶላር በላይ። አንድሩ ጋርቪ ለሚባል ለሳኝ፣ ለሁለት ቀን የልስን ሥራ፣ 133,187 ዶላር። ይህ በዛሬ ዋጋ አይደለም፤ ያኔ አንድ የቀን ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚያገኘው ሁለት ዶላር ቢሆን ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ የነበረው ሰው ዊልያም ትዊድ ይባላል። በወጣትነቱ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካይ ነበር፤ በዚያው ዝና ፖለቲካ ውስጥ ገባና ታማኒ ሆል የሚባለውን የከተማውን የዲሞክራቶች ድርጅት መሪነት ያዘ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተቋራጩ የተጋነነ ሂሳብ ያቀርባል፣ ከተማው ይከፍላል፣ ከተከፈለው ውስጥ ከግማሽ በላዩ ዞሮ ለትዊድና ለጓደኞቹ ይመለሳል። በጁላይ 1871 «ኒው ዮርክ ታይምስ» ከውስጥ የወጡ የሂሳብ መዝገቦችን ማተም ጀመረ። ቶማስ ናስት የተባለ ካርቱኒስት ደግሞ ትዊድን በሆዳም ሥዕል እየሳለ ያፌዝበት ነበር። ትዊድ በ1873 ተፈረደበት፤ በ1875 ከጠባቂዎቹ አምልጦ ስፔን ድረስ ሸሸ። እዚያ የተያዘው እንዴት መሰላችሁ? ከናስት ካርቱን ላይ መልኩን ለይተው ነው። በ1878 ኒው ዮርክ ውስጥ እስር ቤት ሞተ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሌባው ተያዘ፣ ሰላም ሆነ። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ ለምን መረጣቸው? ታማኒ ሆል ከትዊድ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት አልሞተም። መራጮቹ በአብዛኛው ድሆች ነበሩ፤ ከአየርላንድ በረሃብ ተሰደው የመጡ። መንግሥት ጡረታ አይሰጥ፣ ቀለብ አይሰፍር። በክረምት የሚነደው የድንጋይ ከሰል ሲያልቅ የሚያመጣው የታማኒ የሰፈር ሰው ነው። ልጅ ወደብ ላይ ሥራ የሚገባው፣ የዜግነት ወረቀት ቶሎ የሚያልቀው፣ ቤት ሲቃጠል ማደሪያ የሚገኘው በእሱ በኩል ነው። በምርጫ ቀን የሚጠየቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ወጪት ሰባሪ መባል የሚፈልግ ማን አለ?

እዚህ ላይ አማርኛችን ጥሩ መሣሪያ ይሰጠናል። ጉቦ እና ውለታ የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉን። ጉቦ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ይህን ያህል ስጠኝ፣ ይህን ልፈርምልህ። ውለታ ግን ዋጋ አልተለጠፈበትም፣ ቀን አልተቆረጠለትም። የዋለልህ ሰው ምንም ላይጠይቅህ ይችላል። አንተ ግን ታውቀዋለህ፤ ስልኩ ሲጠራ ታነሳለህ። የቴርሞሜትሩ ሂሳብ ሌብነት ነው፣ ተቋራጩ የሚመልሰው ድርሻም ጉቦ ነው፤ ድርጅቱን በሕይወት ያቆየው ግን ከሰሉ ነው። ለጉቦ ማስረጃ ይገኝለታል፤ ለውለታ ግን ምን ተብሎ ክስ ይጻፋል?

ከትዊድ አንድ ትውልድ በኋላ የመጣው የታማኒ ፖለቲከኛ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕላንኪት ይህን ልዩነት ሳያፍር ተናግሮታል። በ1905 በወጣ መጽሐፍ ላይ ጥቅም ማግኘትን ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ አንዱን ሐቀኛ ሌላውን ሐቀኛ ያልሆነ ይለዋል። ፓርክ ሊሠራ እንደሆነ ወሬውን ቀድሞ ይሰማል፤ መሬቱን ቀድሞ ይገዛል፤ ከተማው ሲመጣ በውድ ይሸጥለታል። ካዝና አልሰበርኩም ነው የሚለው። የመግቢያችንን የ4 እና የ12 ስሌት ሰውዬው ያለ ካልኩሌተር ገብቶት ነበር።

ውለታው ቦታ ሲቀይር

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የከሰሉ ፖለቲካ ቀስ በቀስ ተዳከመ። የመንግሥት ሥራ በፈተና መሆን ጀመረ፤ ጡረታና ድጎማ በሕግ መጣ። የሰፈሩ ሰው የሚያከፋፍለው ነገር አለቀበት። በዚያው ልክ መራጩን ማግኛው መንገድ ተለወጠ። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ በፖስታ የሚላክ ወረቀት፣ የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ደሞዝተኛ ቅስቀሳ አስተባባሪ። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው። ድሮ አንድ ሺህ ቤተሰብ ዘንድ ውለታ ማስቀመጥ የነበረበት ተወዳዳሪ፣ አሁን እሱ ራሱ መቶ ሀብታሞች ዘንድ ባለ ዕዳ ይሆናል። ውለታው አልጠፋም። አቅጣጫውን ነው የቀየረው፤ ከታች ወደ ላይ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው።

ሕጉስ? በ1907 ኩባንያዎች ለፌዴራል ተወዳዳሪዎች በቀጥታ እንዳያዋጡ ተከለከለ። ከዎተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 ጠንከር ያለ ሕግ ወጣ፤ መዋጮም ወጪም ተገደበ። በ1976 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በክሊ እና ቫሌዮ» በተባለው ክርክር ሕጉን ለሁለት ከፈለው። ለተወዳዳሪ የሚሰጥን መዋጮ መገደብ ይቻላል አለ፤ ምክንያቱም ሙስናን ወይም ሙስና የሚመስልን ነገር ይከላከላል። ወጪን መገደብ ግን የመናገር ነፃነትን መገደብ ነው። ስለዚህ ሀብታም ተወዳዳሪ የራሱን ገንዘብ እንዳሻው ይረጫል። ከተወዳዳሪው ጋር ሳይመካከር ለብቻው ቅስቀሳ የሚያካሂድም እንደዚያው። በ2010 ደግሞ ይኸው መብት ለኩባንያዎችና ለሠራተኛ ማኅበራት ተሰጠ። ይህን ልብ በሉት፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚፈስሰው በዚህ ስንጥቅ ነው።

ገንዘብ ምርጫ ያሸንፋል ወይ? ብዙ ያወጣው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፣ ግን ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ያሸንፋል ተብሎ ለሚታሰብ ሰው ነዋ ሁሉም የሚያዋጣው! ስቲቨን ሌቪት የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1994 ዘዴኛ ጥናት አሳተመ። ያው ሁለት ተወዳዳሪዎች ከአንድ ጊዜ በላይ የተፋጠጡባቸውን የኮንግረስ ምርጫዎች ብቻ መረጠ፤ ሰዎቹ ያው ስለሆኑ የተለወጠው በአብዛኛው የሚያወጡት ገንዘብ ነው። ውጤቱ? የገንዘቡ ተጽዕኖ እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ሰው ለምን ያዋጣል? ጆሹዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት ሙከራ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ለ191 የኮንግረስ ቢሮዎች የስብሰባ ጥያቄ ተላከ። ለአንዳንዶቹ የሚመጡት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው ተባለ፤ ለሌሎቹ ደግሞ የሚመጡት ገንዘብ ያዋጡ ናቸው ተባለ። የትኛው ቢሮ የትኛው ደብዳቤ እንደሚደርሰው በዕጣ ነው የተወሰነው። «አዋጪዎች ናቸው» ሲባል ከፍተኛ ኃላፊዎች ራሳቸው የመገኘታቸው ዕድል ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ጨመረ። ሙከራው የተሠራው ኮንግረስ ላይ እንጂ ከተማ ላይ አይደለም። የሚለካው ነገር ግን ግልጽ ነው። ማንም ጉቦ አልሰጠም፤ በሩ ግን ተከፈተ።

የመኪና ማቆሚያው ቅሌት

ወደ ኒው ዮርክ እንመለስ፤ 1986። ከንቲባው ኤድ ኮች ነው። ከተማዋ ያለ ቦታው መኪና ያቆመን ሰው ትቀጣለች፣ ያልተከፈለውን ቅጣት ለመሰብሰብ ደግሞ የግል ድርጅቶችን ትቀጥራለች። አሰልቺ የሚመስል ሥራ ነው፤ ግን ሰብሳቢው ከሰበሰበው ላይ ድርሻ አለው፣ ድርሻው ደግሞ ሚሊዮኖች ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከባለሥልጣናቱ ጀርባ ጉቦ እንዳለ ወጣ። የኩዊንስ ክፍለ ከተማ ፕሬዝዳንት ዶናልድ ማኒስ ስሙ ከተነሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ክስ ሳይመሠረትበት ሕይወቱ አለፈ። የብሮንክስ የዲሞክራቶች መሪ ስታንሊ ፍሪድማን ደግሞ ድርሻ በነበረው ኩባንያ በኩል ለቅጣት ጻፊዎች የእጅ ኮምፒውተር ለማቅረብ 22.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኮንትራት አስገኝቶ ነበር። ኮንትራቱ ሲጸድቅ ኩባንያው የሚሠራ መሣሪያ አልነበረውም። ክሱን ፍርድ ቤት የተከራከረው አቃቤ ሕግ ሩዲ ጁሊያኒ ነው፤ በኋላ ከንቲባ የሆነው። ፍሪድማን በኖቬምበር 1986 ጥፋተኛ ተባለ።

ይህ ጉቦ ነው፤ የወንጀል ሕጉ ደረሰበት። ቅሌቱ ግን ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ጎን ዘወር እንዲያደርጉ አደረገ። ያኔ በከተማው መሬትና ኮንትራት ላይ የሚወስን፣ ከንቲባውና የክፍለ ከተማ ፕሬዝዳንቶቹ ያሉበት አንድ ቦርድ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ምርጫ ትልልቅ መዋጮ ከሚሰጡት ውስጥ ጉዳያቸው እዚያው ቦርድ ፊት የቀረበ ሕንፃ ሠሪዎች ነበሩበት። ሁሉም በሕግ የተፈቀደ፣ ሁሉም የተመዘገበ። ውለታ ነዋ!

በ1988 ከተማው ሌላ ዘዴ ሞከረ። ትልቅ መዋጮን ከመገደብ ባለፈ ትንሹን ማሳደግ። ፈቃደኛ የሆነ ተወዳዳሪ የወጪ ጣሪያና የመዋጮ ጣሪያ ይቀበላል፤ በምትኩ ከነዋሪ በሚያገኘው አነስተኛ መዋጮ ላይ ከተማው ከራሱ ካዝና ይጨምርለታል። በ1989 ምርጫ ሲጀመር ጭማሪው አንድ ለአንድ ነበር። በ2001 ለአንድ ዶላር 4፣ በ2009 ደግሞ 6 ሆነ። በ2018 መራጮች ወደ 8 ከፍ አደረጉት። አስሉት እስቲ። አንዲት ነርስ 10 ዶላር ብትሰጥ ከተማው 80 ይጨምርበታል፤ ለተወዳዳሪው የምትቆጠረው 90 ዶላር ሆና ነው። ለከንቲባ ተወዳዳሪ የሚባዛው እስከ 250 ዶላር ድረስ ነው፤ 250ዋ ከነጭማሪዋ 2,250 ትሆናለች። ሃምሳ ጎረቤታሞች ሳሎን ውስጥ ሰብስቦ ሻይ መጠጣት ለተወዳዳሪው አዋጪ ሆነ ማለት ነው። በ2007 ደግሞ አንድ ትልቅ ቁራጭ ታከለበት፤ ከከተማው ጋር ኮንትራት ወይም የመሬት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በዝርዝር ተመዘገቡ። እነሱ ለከንቲባ ተወዳዳሪ ከ400 ዶላር፣ ለምክር ቤት ተወዳዳሪ ከ250 ዶላር በላይ መስጠት አይችሉም፤ የሰጡትም አይባዛም። እንደ እኔ ከሕጉ ሁሉ ብልሁ ይሄ አንቀጽ ነው፤ ውለታውን ከምንጩ ነው የሚይዘው።

ግን ሥርዓቱ በፈቃድ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በ1976 የተወውን ስንጥቅ ታስታውሳላችሁ? ማይክል ብሉምበርግ የተባለ ቢሊየነር በ2001፣ በ2005 እና በ2009 ተወዳደረ። ከማንም አንድ ሳንቲም አልወሰደም። ከኪሱ ግን በሦስቱ ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰና ሦስቱንም አሸነፈ። ደጋፊዎቹ ከማንም ስላልወሰደ የማንም ባለ ውለታ አይደለም ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን በዚህ መንገድ ነፃ መሆን የሚችለው ቢሊየነር ብቻ ነው።

ሌላው ችግር ከማባዣው ከራሱ ይመነጫል። ሠርግ ቤት ማይክራፎኑ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ የሚወጣውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። አምፕሊፋየር የዘፋኙን ድምፅና ውካታውን አይለይም፤ ሁለቱንም ያጎላል። 8 እጥፍ የሚያጎላ የመዋጮ ሕግም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው 2,000 ዶላር አለው እንበል። ስማቸውን በሚያውሱት 8 ሰዎች በኩል ለእያንዳንዳቸው 250 አድርጎ ቢያስገባው ከካዝናው 16,000 ዶላር ይወጣል። ይህ ከባድ ወንጀል ነው፤ ፈተናው ግን ስሌቱ ውስጥ ተቀምጧል። በሴፕቴምበር 2024 ከንቲባው ኤሪክ አዳምስ በፌዴራል ሲከሰሱ ከክሶቹ አንዱ በተዋሰ ስም የገባ መዋጮን የሚመለከት ነበር። አዳምስ ጥፋተኛ አይደለሁም አሉ። በኤፕሪል 2025 በፍትሕ ሚኒስቴሩ ጥያቄ መሠረት ዳኛው ክሱን ዳግም እንዳይነሳ አድርጎ ዘጋው፤ ስለዚህ ነገሩ በማስረጃ ተመዝኖ አልተፈረደበትም። የከተማው የምርጫ ገንዘብ ቦርድ ግን ክሱ ገና ሳይዘጋ፣ በዲሴምበር 2024፣ የድጎማ ጥያቄያቸውን ውድቅ አድርጎ ነበር።

በ2025 የዲሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ላይ ሁለቱ መንገዶች ፊት ለፊት ተጋጠሙ። ካምፓላ የተወለደው ዞህራን ማምዳኒ በትንንሽ መዋጮና በ8 እጥፍ ጭማሪ ጣሪያው ላይ ደርሶ፣ ከምርጫው ወራት ቀደም ብሎ ደጋፊዎቹን «ገንዘብ አትላኩ፣ ይበቃናል» እስከ ማለት ደረሰ። ተቀናቃኙን አንድሩ ኩሞን የሚደግፍ ለብቻው የተቋቋመ ኮሚቴ ደግሞ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ከሰጪዎቹ አንዱ፣ በ8.3 ሚሊዮን፣ ያው ብሉምበርግ ነው። ማምዳኒ አሸነፈ።

25 ዶላር የያዘች ወረቀት

ሲያትል የኒው ዮርክን ሐሳብ ወስዳ አንድ እርምጃ ገፋችው። የኒው ዮርኩ ሥርዓት ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ 10 ዶላር የሌለው ሰው ምንም አይባዛለትም። ዜሮ በስምንት ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። በኖቬምበር 2015 የሲያትል መራጮች አዲስ ሕግ አጸደቁ፤ ከተማው ለእያንዳንዱ ብቁ ነዋሪ እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ 4 ቫውቸሮች በፖስታ ይልካል። ነዋሪው ለወደደው ተወዳዳሪ ፈርሞ ይሰጣል፤ ከተማው ለተወዳዳሪው ይከፍላል። ገንዘቡ የሚመጣው ከንብረት ግብር ነው፤ እስከ 2025 በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቫውቸሩ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው።

ምን ተለወጠ? የተወዳዳሪው እግር የሚረግጠው ቦታ። ድሮ የሕዝብ ኪራይ ቤቶች አካባቢ ገንዘብ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አልነበረም። አሁን እያንዳንዱ በር ጀርባ 100 ዶላር አለ። በ2017 የቫውቸር ፍለጋው ቤት የሌላቸው ሰዎች እስከሚኖሩባቸው የድንኳን ሰፈሮች ድረስ ዘልቋል። የእነዚህ ሰዎች ፊርማ ለምርጫ ገንዘብ የተፈለገበትን ሌላ ጊዜ ማሰብ ይከብደኛል።

እኛንም የሚነካ ነገር አለው። ቫውቸር ለማግኘት የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪም ያገኛል። ሲያትል ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሰባሰበ ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ያለባት ከተማ ናት፤ ስለ ቫውቸሩ የሚያስረዳው መረጃም በአማርኛ ጭምር ተዘጋጅቷል። ዜግነቱን ገና ያላገኘ ሰው ድምፅ መስጠት አይችልም። ተወዳዳሪው ግን በሩን የሚያንኳኳበት ምክንያት አለው።

ስንጥቁ ግን እዚህም አለ። በሜይ 2018 ምክር ቤቱ በዓመት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ባላቸው ኩባንያዎች ላይ፣ በአንድ ሠራተኛ 275 ዶላር የሚሆን ግብር 9 ለ 0 አጸደቀ። ለቤት አልባዎች መኖሪያ የሚውል ነበር። የከተማው ትልቁ ቀጣሪ አማዞን ከውሳኔው በፊት የአንድ ትልቅ ሕንፃ ዕቅዱን አቁሞ ነበር፤ ኩባንያዎች ግብሩን በሕዝብ ድምፅ ለማስሻር ገንዘብ አዋጡ። ወር ሳይሞላው ያው ምክር ቤት 7 ለ 2 ሻረው። በ2019 ሰባት የምክር ቤት ወንበሮች ለምርጫ ሲቀርቡ፣ አማዞን የንግድ ምክር ቤቱ ላቋቋመው ኮሚቴ በድምሩ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ለአንድ ተወዳዳሪ በቀጥታ ቢሰጥ ከ500 ዶላር ማለፍ አይችልም ነበር። ኮሚቴው ከደገፋቸው ሰባት ሰዎች ያሸነፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ገንዘቡ ራሱ የምርጫው አጀንዳ ሆኖ መራጩን አስቆጣ። ምክር ቤቱም በጃንዋሪ 2020 የውጭ አገር ባለሀብቶች ድርሻ ያለባቸው ኩባንያዎች በከተማው ምርጫ እንዳያወጡ የሚገድብ ደንብ አወጣ። በዚህ ተነስቶ «ገንዘብ ተሸነፈ» የሚል ካለ በ2023 የሆነውን ይመልከት፤ የንግዱ ወገን የደገፋቸው ተወዳዳሪዎች አብዛኛውን ወንበር ወስደዋል። ብዙዎቹም ቫውቸር ተጠቃሚ ነበሩ። ቫውቸር ግራ ቀኝ አይለይም፤ እንዲለይም አልተሠራም።

ጄኒፈር ሂርዊግና ብራያን ማኬብ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን የቫውቸር ተጠቃሚዎችን ሲያጠኑ ሁለት ነገር አገኙ። ቫውቸር የሰጡት ሰዎች ጥሬ ገንዘብ ከሚያዋጡት ይልቅ የከተማውን ሕዝብ ይመስላሉ። ሆኖም ከተጠቃሚዎቹ መካከል አሁንም ዕድሜያቸው የገፋና ገቢያቸው የተሻለ ሰዎች ይበዛሉ። በ2017 ቫውቸራቸውን የተጠቀሙት ነዋሪዎች 20 ሺህ ያህል ናቸው። በ2019 ቁጥሩ ወደ 38 ሺህ ከፍ አለ። ፖስታው የሚላከው ግን ለግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ነው።

እዚህ ላይ የምህንድስና ዓይኔ አላስቀምጥ ይለኛል። ግማሽ ሚሊዮን ሰው፣ ለእያንዳንዱ 100 ዶላር፤ 50 ሚሊዮን ዶላር። ካዝናው ውስጥ እስከ 2025 በዓመት ይገባ የነበረው ደግሞ 3 ሚሊዮን። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲደውል ኔትወርኩ ለምን እንደሚጨናነቅ ታውቃላችሁ፤ የተሠራው ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደማይደውል ታስቦ ነው። ቫውቸሩም የተሠራው አብዛኛው ፖስታ ሳይከፈት እንደሚቀር ታስቦ ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጣሪያ ተቀምጧል፤ ጣሪያው ከሞላ በኋላ የሚመጣው ቫውቸር አይከፈልበትም። በኦገስት 2025 የሲያትል መራጮች ይህን ሥርዓት የሚያንቀሳቅሰውን ግብር ለተጨማሪ 10 ዓመት አድሰውታል።